አግማስ ሙሄዲን፣ የኮምቦልቻው ዘመዳችን

ስሚማ እህቴ፣ የያዝሽውን አስቀምጪና ስሚኝ። አንቺ አዲሳባ ከገባሽ ወዲህ እዚህ ደሴ የሆነውን ማን ይነግርሻል፣ እኔ ካልነገርኩሽ? ወላሂ ከዚህ ውስጥ አንዷን እንኳ አልጨመርኩም። እሺ፣ አንድ ሁለት ቦታ ትንሽ ጨምሬ ይሆናል።

ኢስራን አታውቂያትም። ከፒያሳ ሽቅብ ስትወጪ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ነው ቤታቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ስታወራ እጇ ዝም የማይል ልጅ ናት። ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው፣ ያ የስልክ ኢንተርኔት ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣበት ዓመት።

ኢስራ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ኮምቦልቻ ሄዳ መሥራት። አትሳቂ። ኮምቦልቻ እኮ ቁልቁል ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፣ ሚኒባስ ላይ ደህና እንቅልፍ ሳይወስድሽ ትደርሻለሽ። ግን ጓደኛዋ ትህትና እዚያ ድረ ገጽ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ገብታለች። አለቃዋ ደግሞ «ያቺ ጓደኛሽ አንድ የሠራችውን ነገር ይዛ ትምጣ፣ ሰኞ ትጀምራለች» ብሏል። ማደሪያም ከትህትና ጋር ነው። ሁሉም አልቋል፣ አባቷ ሲቀሩ።

አባቷ አቶ ፉርቃን ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ሕግ ግን አላቸው።

«ኮምቦልቻ ዘመድ አለን?» አሏት።

«የለንም አባዬ።»

«ሐርቡ አለን። ቦሩ ሜዳ አለን። ጅዳ እንኳ አለን። ኮምቦልቻን ግን አልፈናት ነው የምንሄደው። ዘመድ በሌለበት አገር የኔ ልጅ አታድርም። ሰኞ ሱቅ ትገቢያለሽ፣ አለቀ።»

እና ኢስራ ምን አደረገች፣ የቅሬው ዳኛ ዘንድ ሄደች። ቅሬ ያው እናንተ ዕድር የምትሉት ነው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የሰፈሩ ሰው ሁሉ። እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ አካፋ። ዳኛው ጋሽ አብርሃም ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እንደምን አደሩ ቢሏቸው እንኳ አስበው ነው የሚፈርዱት።

«ለአባዬ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለቻቸው።

ጋሽ አብርሃም ብዙ አሰቡ። «ጋሽ ወርቅአፈራሁን ታውቂያቸዋለሽ» አሉ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ ናቸው፣ ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ የሚያውጁት። «ጉልበታቸው አልቋል። ይሄን ዳገት ሲወጡ እኔን ያመኛል። በዚያ በኮምፒውተርሽ እሳቸውን የሚያሳርፍ ነገር ከሠራሽ፣ አባትሽ ፊት እቆማለሁ።»

ኢስራ በነጋታው ሚኒባስ ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች። ትህትና በፍላሽ አንዲት ፎልደር ሰጠቻት።

«ከባዶ አትጀምሪ፣ ባዶ ራሱ ሰው ያደክማል» አለቻት። «ይሄ መነሻ ነው። ትንሿን ነው የሰጠሁሽ። ትልቁን ብሰጥሽ ሳሎኑና ጓዳው ጠፍቶሽ ስትዞሪ ሰኞ ይደርሳል።»

«ምን ምን አለው?»

«ምንም የለው። አንድ ገጽ፣ አንድ ስም፣ አንድ ሲጫኑት የሚቆጥር ቁልፍ። ቤት ነው ብትዪው ማገሩ የቆመ፣ ጭቃ ያልነካው። የቀረውን አንቺ ትመርጊዋለሽ።»

«ስሙ የማን ነው?»

«የማንም። ቦታ እንዲይዝ ብዬ ከራሴ ያመጣሁት ነው።»

ማታውን ኢስራ ያጎቷን አሮጌ ላፕቶፕ ከፈተች። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ትእዛዝ ጻፈች፣ መስኮቱ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ገጹ ቦግ አለ። ነጭ ነው። መሐሉ ላይ «አግማስ ሙሄዲን» ይላል፣ ከሥሩ ዜሮ የተጻፈበት ቁልፍ። በቃ።

ከስሙ ሥር «አርፈዋል» ብላ ጨመረች። «ቀብር ዛሬ ስምንት ሰዓት» ብላ ጨመረች። ቁልፉ ላይ «ደርሻለሁ» ብላ ጻፈች፣ ለቀብር የመጣ ሰው እንዲጫነውና እንዲቆጠር። ፋይሉን ባስቀመጠች ቁጥር ገጹ በራሱ ሲለወጥ ብቻዋን ትስቃለች። ቁጥሩን የሚያስታውስበት ነገር ገና አልሠራችለትም፣ ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉን ረስቶ ዜሮ ይላል። እሱን ነገ አለች። ከዚያ ለትህትና መልእክት ላከች፦ «ይሄን አግማስ የሚባለውን ላጥፋው?»

ትህትና መለሰች፦ «ተይው፣ እሱ ምንም አያደርግሽም።»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ወርቅአፈራሁን ቤት ጠራቻቸው፣ እንዲያዩላት። ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። እሳቸው ጡሩምባ ሳይዙ ዳቦም አይገዙም። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው ጋሼ፣ ግን ገና...»

«አነበብኩት» አሉ።

ውሃ ላምጣልዎት ብላ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

አየሽ፣ ኢስራ አንድ ነገር ረስታለች። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነፉ አንድም ቀን «ማን ነው? ምን ሆኖ ነው?» ብለው አያውቁም። ጡሩምባ ነፊ ከጠየቀ ወሬ አቀባይ ሆነ ማለት ነው። ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ያነባሉ፣ ይነሳሉ፣ ይነፋሉ። እሷ ደግሞ ያሳየቻቸው ያንኑ ነው፣ ብርሃን ያለው ወረቀት።

ጡሩምባው ከላይኛው ጠመዝማዛ ጮኸ። «አግማስ ሙሄዲን አርፈዋል፣ ቀብር ስምንት ሰዓት፣ ለቅሶው ፉርቃን ቤት።» ፉርቃን ቤት የሚለውን ማንም አልጻፈላቸውም። ወረቀቱን የተቀበሉት እዚያ ስለሆነ ነው።

ኢስራ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሮጠች። እኒያ ጉልበታቸው አለቀ የተባሉት ሰውዬ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጡት። ሁለተኛው ቧንቧ ጋ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለሙከራ ነው።»

«ሞት ሙከራ የለውም ልጄ» አሉና ነፉ።

ተመልሳ ስትመጣ የድንኳኑ ምሰሶ ቆሟል። የደሴን ሰው ታውቂው የለ፣ ጡሩምባ ሲሰማ መጀመሪያ አካፋ ያነሳል፣ ማን ሞተ የሚለው ኋላ ነው። ኋላም ቢሆን አይጠየቅም፣ የጎረቤትን ዘመድ አለማወቅ ነውር ነው። ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል። አንድ ሰውዬ «የአንድ ለአምስት ስብሰባ መስሎኝ ነው የወጣሁት» አለ። ከዚያ ተቀመጠና «ከስብሰባው ይሄ ይሻላል» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

አቶ ፉርቃን ከሱቅ ሲመጡ በራቸው ላይ ድንኳን ቆሞ አገኙ። ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። «አላህ ይማረው»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «አይዞህ ፉርቃን።» ሰውየው ቆመው ቀሩ። ሚስታቸውን እትዬ ሸፊቃን አዩአቸው። እትዬ ሸፊቃም አዩአቸው። አቶ ፉርቃን በሆዳቸው፣ የሷ ወገን ነው፣ የሐርቡ ይሆናል አሉ። እትዬ ሸፊቃ በሆዳቸው፣ የሱ ወገን ነው፣ የቦሩ ሜዳ ይሆናል አሉ። የገዛ ባልሽን «ዘመድህ ማን ነበር?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ? ለቅሶ ላይ?

«አብሽሪ ሸፊቃ» አሉ አቶ ፉርቃን።

«አንተም አብሽር» አሉ እትዬ ሸፊቃ፣ ደረታቸውን እየመቱ።

ኢስራ በር ላይ ቆማ ይሄን ሁሉ ታያለች። ብትናገር፣ ሰፈሩን ሙሉ በሐሰት ያስለቀሰች ልጅ ሆነች፣ ጋሽ አብርሃም ሽማግሌነቱን ይተዋሉ፣ ሰኞ ሱቅ። ባትናገር፣ ስምንት ሰዓት እየመጣ ነው፣ ቀባሪ አለ፣ ሟች የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ቀጥሏል።

«ደግ ሰው ነበር» አለች አንዷ። «አንድ ጊዜ ሚኒባስ ላይ ወንበሩን ለቆልኛል።»

«ረጅሙ አይደል?»

«ሲቆም ረጅም ነው። ሲቀመጥ ግን ያን ያህልም።»

«ሳቁ ነው የሚናፍቀኝ» አለ የስብሰባው ሰውዬ።

ጋሽ አብርሃም ላፕቶፑን መስኮት ላይ አዩትና የቁልፉ ሥራ ገባቸው። የመጣ ሁሉ «ደርሻለሁ»ን እንዲጫን አዘዙ። ሰው ተሰለፈ። ዐይናቸውን በነጠላ እየጠረጉ አንድ አንድ ጊዜ ተጫኑ። መቶ አርባ ሦስት ደረሰ። ኢስራ በዚህ መሐል ገጹን ልዝጋውና ነገሩ ይጥፋ ብላ ሹልክ ብላ ዘጋችው። ጋሽ አብርሃም መልሰው አስከፈቷት።

«ስንት ይላል?»

«ዜሮ» አለች ኢስራ።

ጋሽ አብርሃም አሰቡ። «እንግዲያው አልመጣንም» አሉ።

ማንም አልተከራከረም። መቶ አርባ ሦስት ሰው ተነስቶ፣ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ እስከ ታችኛው ጠመዝማዛ ወርዶ፣ እንደገና እያለቀሰ መጣ። ሁለተኛው ለቅሶ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር አሉ፣ ዳገቱ ስለደከማቸው ይሆናል።

ከዚያ ቆፋሪዎቹ መጡ፣ አካፋቸውን ይዘው።

«የት ነው የምንቆፍረው?» አሉ። «አግማስ ነው ቢሉን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሙሄዲን ነው ሲሉን መስጊዱ ጋ ተመለስን።»

እንዲህ ያለ ስም ለኛ ብርቅ አይደለም፣ ግን ጉድጓድ ሲቆፈር መለየት አለበት። ሁሉም ወደ አቶ ፉርቃን ዞረ። አቶ ፉርቃን ወደ እትዬ ሸፊቃ ዞሩ። እትዬ ሸፊቃ ለቅሶውን ጮክ አደረጉት።

«ማሽኑ ምን ይላል?» አሉ ጋሽ አብርሃም።

«አልተጻፈም ጋሼ።»

«ሰውየው ከየት ነው የመጣ? እሱስ?»

ኢስራ መዋሸት አትችልበትም። «ከኮምቦልቻ» አለች። በፍላሽ የሚለውን ልትጨምር ነበር፣ ግን ድንኳኑ በሙሉ እፎይ አለ። ጀናዛው ኮምቦልቻ ነዋ፣ ለዚህ ነው የጠፋው። ሁለት ሚኒባስ ተጠራ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኢስራ ከአባቷ አጠገብ ናት፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ። ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አባዬ» አለች፣ «አግማስ የሚባል ሰው የለም።»

አቶ ፉርቃን እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «አዎ ልጄ፣ የለም። ሁላችንም እንዲሁ ነን።»

«አይደለም አባዬ፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም።»

«እንዲያ ነው የሚመስለው» አሉ ከኋላ ወንበር ጋሽ ወርቅአፈራሁ። «ዱንያ እኮ ጥላ ናት።» ሚኒባሱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሾፌሩም።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ኢስራ የምታውቀው አንድ በር ብቻ ነው፣ የትህትና ቢሮ። ትህትና ቀና ስትል ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በሩን ሞልቶታል። ደንገጥ ብላ ተነሳች፣ ማንም ሳይነግራት ማልቀስ ጀመረች፣ ኢስራን አቀፈቻት።

«ማን ነው የሞተው?» አለቻት በጆሮዋ።

«አግማስ።»

«የቱ አግማስ?»

«ያንቺው።»

ትህትና ለቅሶዋን ቀስ ብላ አቆመች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ ፋይሉን ከፍታ ለሁሉም ነገረቻቸው፦ ሰው አይደለም፣ ምሳሌ ነው፣ ገጹ ባዶ እንዳይሆን ራሷ የጻፈችው አንድ መስመር ነው። ማስታወቂያውን የጨመረችው ኢስራ ናት፣ ለልምምድ። ኢስራም ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ አብርሃም ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ነኩት። «ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ጀናዛውስ?»

«ይሄው ነው ጋሼ። ሌላ የለውም።»

አቶ ፉርቃን ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ እኔ ማንን ነው ያለቀስኩት?» አሉ። ከዚያ ኢስራን አዩአት። «ይኸው ኮምፒውተርሽ። ሰኞን አትጠብቂም፣ ነገ ጠዋት ሱቅ ትገቢያለሽ።»

የኢስራ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

«ቆይ ፉርቃን» አሉ ጋሽ አብርሃም። «ስታለቅስ የማን ዘመድ ነው ብለህ ነበር?»

«የሸፊቃ።»

«አንቺስ ሸፊቃ?»

እትዬ ሸፊቃ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «የሱ» አሉ።

«ስለዚህ በሁለቱም ወገን ዘመዳችን ተብሎ ተለቅሷል። እንዲህ ያለ የቅርብ ዘመድ እኔ እንኳ የለኝም።» ጋሽ አብርሃም ወደ ሰዉ ዞሩ። «አሁን ደሴ ተመልሰን ማንም አልሞተም፣ ማንም አልነበረም እንበል። ወንበሩን የለቀቀላት ሴት ውሸታም ልትባል ነው። ቃሉን የሚቀይር አለ?»

ሴትዮዋ ከኋላ «ለቆልኛል» አለች። «ሳቁስ?» አለ የስብሰባው ሰውዬ።

«ቅሬ ላልኖረ ሰው አይወጣም» አሉ ጋሽ አብርሃም። «እኛ ወጥተናል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ኖሯል።»

«ቀብሩስ?» አሉ ቆፋሪዎቹ፣ አካፋውን እስከ ቢሮው ድረስ ይዘውት ነበር።

«ሰው በኖረበት ይቀበራል። የኖረው እዚህ ነው። እዚሁ ይቀመጥ።»

ኮምፒውተሩ ፊት ዱዓ ተደረገ። ክርስቲያኖቹ «ነፍስ ይማር» አሉ። የትህትና አለቃ ምሳ በልቶ ሲመለስ ቢሮው ውስጥ ሃያ ምናምን ሰው አጎንብሶ አገኘ። ባርኔጣውን አወለቀና በር አጠገብ ቆመ። ኋላ የሞተው ማን እንደሆነ ሲነግሩት «ኢስራ የሠራችው ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ «በአንድ ቀን? መቶ አርባ ሦስት ሰው?» አለ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

በሩ ላይ ጋሽ አብርሃም አቶ ፉርቃንን ክንዳቸውን ያዟቸው። «ቃል ገብቼ ነበር፣ አሁን በሽማግሌነት ልናገር» አሉ። «ይቺን ልጅ ኮምቦልቻ ዘመድ የለንም ብለህ ከልክለሃታል አሉ።»

አቶ ፉርቃን አፋቸውን ከፈቱ። «የለን...» ብለው ጀመሩና ቆፋሪዎቹን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ በመስታወቱ በኩል ያንን የበራ መስመር አዩ። ደሴ ላይ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ሦስት ቀን ይቀመጡለታል።

አፋቸውን ዘጉ። ወደ ኢስራ ዞረው «ሰኞ ነው ያልሽው?» አሏት።

«ሰኞ ነው አባዬ።»

«ከሄድሽ አይቀር ቶሎ ቶሎ እየሄድሽ እዪው እንግዲህ። ዘመድ አይጣልም።»

ቅሬው በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ አንድ ውሳኔ ጻፈ፦ ገጹ ሥራ ይጀምር፣ የአግማስ ሙሄዲን ስም ከላይ እንዳለ ይቆይ፣ ወደፊት የሚሞት ሁሉ ከሥሩ ይጻፍ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጡሩምባውን አላስቀመጡም፣ ግን አሁን ገጹን እያዩ ከደጃቸው ሆነው ነው የሚነፉት። ኢስራ ቁጥሩን የሚያስታውሰውንም ሠራች፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያለቅስ።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። አባቷ በመስኮቱ በኩል የተረፈ ንፍሮ በላስቲክ አቀበሏት፣ «እዚያ ላሉት» ብለው። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ላፕቶፑን ከፈተች፣ ያችን መስመር አየቻት፣ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ለትህትና ጻፈች፦ «አግማስን አሁንስ ላጥፋው?»

«ተይው፣ እሱ ምንም አያደርግሽም።»